የመከር ወራት ሥራ በጓዳ እንደሚፈጸም

ለዞንና ለወረዳ አስተዳዳሪዎች፥ ለቀበሌ ሹማምንት፥ መሬታቸውንም በእኩል ለሚያሳርሱ ባለ ይዞታዎች የቀረበ አሳብ

የሀገር ሀብት በእርሻ፥ የእርሻም ፍሬ በቤት እንደሚታይ የታወቀ ነው። ነገር ግን የመንግሥት ሥራ የተሰጠን ሰዎች ብዙ ጊዜ የምንመለከተው ማሳውን እንጂ ቤቱን አይደለም። በጥቅምት ወር ከአዘዞ ወደ ደምቢያ ሜዳ የሚወርድ ሹም ጤፉ አሽቶ፥ ዳጉሳው ራሱን ሰድዶ፥ ኑጉም በቢጫ አበባው አገሩን አልብሶት ባየ ጊዜ «ዘንድሮ አገሩ ጥጋብ ነው» ብሎ መግለጫውን ይጽፋል። ይህ ቃል ሐሰት አይደለም፤ ግን ጐደሎ ነው። በዚያው ሰዓት ከማሳው ማዶ ባለው ቤት ጎታው ተሟጦ፥ እማወራዋ የዕለቱን ራት በምን እንደምታቀርብ ስታስብ ትገኛለችና።

ጐደሎነቱም በቍጥር የተገለጠ ነው። በ2008 ዓ.ም. በተደረገው ሀገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና የጤና ጥናት በኢትዮጵያ ከ5 ዓመት በታች ካሉት ሕፃናት 38 ከመቶ ያህሉ ቁመታቸው ለዕድሜያቸው ያነሰ፥ ማለትም በምግብ ጕድለት የቀነጨሩ ሆነው ተገኝተዋል። በአማራ ክልል ግን ቍጥሩ 46 ከመቶ ያህል ነበረ። ይህ ክልል ጤፍ፥ ዳጉሳ፥ ገብስና ጥራጥሬ በብዛት የሚመረትበት ሆኖ ሳለ ልጆቹ ከሌላው ሀገር ልጆች ይልቅ ቀንጭረው መገኘታቸው ማንኛውንም ሹም ሊያሳስበው ይገባል። እህል በማሳ መኖሩና እህል በልጅ ሰውነት መኖሩ አንድ ነገር አለመሆኑን ከዚህ የበለጠ የሚያስረዳ ምስክር አይገኝም።

በዚህ ጽሑፍ የምናቀርበው አሳብ አንድ ነው፤ ይኸውም ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ባሉት ወራት የባላገሩ ጓሮና ጓዳ እንደ ማሳው ሁሉ የእርሻ ሥራ ተብለው በሹሙ ዘንድ ይቈጠሩ፥ ይጠበቁም፥ የሚል ነው። ለአሳቡ ማስረጃ እንዲሆን አዘዞንና በዙሪያዋ ያለውን አገር እንወስዳለን፤ ነገሩ ግን በሌላውም ወይና ደጋ የሚሠራ ነው።

አዘዞ ከጎንደር ከተማ በስተ ደቡብ 12 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኝ፥ ዛሬ በከተማው አስተዳደር ውስጥ የተጠቃለለች ስፍራ ናት። የባሕር ዳር፥ የመተማና የጎርጎራ መንገዶች የሚለያዩት በእርስዋ ነው፤ የአውሮፕላን ማረፊያውም በዚያው በኩል ይገኛል። ከፍታዋ ከባሕር ወለል በላይ 2000 ሜትር ያህል ስለ ሆነ አየሯ ለብዙ ዓይነት አዝርዕት የተስማማ ነው። ከአዘዞ ወደ ጣና ዝቅ ሲባል የደምቢያ ዋልካ መሬት ይገኛል፤ ይህም ጥቁር አፈር በክረምት የጠጣውን ውኃ ዝናም ካቆመ በኋላ እንኳ ለብዙ ሳምንት አምቆ የሚይዝ ነው።

በዚህች ስፍራ አትክልት መትከል የቈየ ልማድ መሆኑን ስሟ ራሱ ያስታውሳል። እንደ አውሮጳ አቈጣጠር ከ1607 እስከ 1632 የነገሡት አጼ ሱስንዮስ በአዘዞ ያሠሩት ቤተ ክርስቲያን ገነተ ኢየሱስ ተብሎ ሲጠራ፥ በአጠገቡ የአትክልት ቦታና የውኃ ገንዳ ነበረው። ገነት ማለት የአትክልት ስፍራ ማለት ነው። የንጉሡ ገነት ፈርሶ ዛሬ የሚታየው ፍርስራሹ ነው፤ ነገር ግን በእያንዳንዱ ቤት ጀርባ ያለው ትንሹ ገነት፥ ማለት ጓሮው፥ እስከ ዛሬ ቤተሰብ ሲመግብ ይኖራል። ችግሩ ትንሽ በመሆኑ ሹም አያየውም።

የመጸውን ወራት ሥራ በቅደም ተከተል እንመልከት። በመስከረም ክረምቱ ይወጣል፤ መስቀል ይከበራል፤ ልጆችም ወደ ትምህርት ቤት ይገባሉ። ለዓይን ይህ ወር የደስታ ወር ነው። በጓዳ ግን ያምናው እህል ያለቀበት፥ የዘንድሮውም ገና ያልደረሰበት የጭንቅ ወር ነው። በእነዚህ ሳምንታት ቤተሰቡን የሚያሻግረው ጓሮው ነው፤ የበቈሎ እሸት፥ የባቄላ እሸት፥ ጎመን፥ ድንችና ዱባ ተለቅመው፥ ተጠብሰው፥ ተቀቅለው ይበላሉ። ጓሮ የሌለው ቤት ግን በዚህ ወር የሚያደርገው ከሁለት አንድ ነው፤ ወይ በማሳው ያለውን እህል ሳይደርስ ተስፋ አድርጎ በዱቤ ይበደራል፥ ወይም ከገበያ በውድ ዋጋ ይሸምታል። እንዲህ ያለው ብድር በታኅሣሥ የሚከፈለው እህል በረከሰበት ቀን ስለ ሆነ፥ አንድ ቍና የወሰደ ሰው ሲመልስ የሁለት ቍና ዋጋ ይከፍላል።

በጥቅምት ገብሱ ይታጨዳል፤ አዲስ እህል ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ቤት ይገባል። በኅዳር ጤፉና ዳጉሳው ይደርሳሉ፤ ባላገሩ በወንፈልና በደቦ ተጠራርቶ ያጭዳል፥ ነዶውን ይከምራል፥ አውድማውን በእበት ይለቀልቃል። በታኅሣሥ ውቂያው ይቀጥላል፤ በሬዎች ያበራያሉ፥ በመንሽና በላይዳ እህሉ ከገለባው ይለያል። በነዚሁ ወራት ሴቶቹ በርበሬ ይለቅማሉ፥ ያሰጣሉ፥ ያደርቃሉ፤ ሽሮ ያዘጋጃሉ፤ ጎታውን ጠርገው፥ የተሰነጠቀውን በጭቃና በጭድ መርገው ለአዲሱ እህል ያሰናዳሉ። ለአጫጁና ለወቂው ምሳና ጠላ የሚያደርሱትም እነርሱ ናቸው። ደቦ ያለ እንጀራና ያለ ጠላ እንደማይቆም ባላገር ሁሉ ያውቃል፤ ስለዚህ የጓዳው ሥራ ለአጨዳው ተጨማሪ ሳይሆን መሠረቱ ነው።

ይህም ወቅት የጾም ወቅት ነው። ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ብዙ ሰው በፈቃዱ የጽጌን ጾም ይጾማል፤ ከኅዳር 15 ጀምሮ እስከ ገና ዋዜማ ድረስ ጾመ ነቢያት ነው። ዘወትር ረቡዕና ዓርብ ሲጨመርበት የገበሬው ማዕድ ከሥጋና ከወተት ርቆ በጥራጥሬ ላይ የሚቆምበት ቀን እጅግ ብዙ ነው። በሙስሊሙም ቤት ቢሆን የዘወትሩ ወጥ ከሽሮና ከክክ አይርቅም። የምግብ ሊቃውንት እንደሚያስረዱት ጤፍና ዳጉሳ ብቻቸውን የማይሰጡትን ሰውነት ገንቢ ነገር ሽምብራ፥ ባቄላና አተር ይሞላሉ፤ ስለዚህ እናቶቻችን እንጀራን በሽሮ ማብላታቸው ታላቅ ጥበብ ነው። ዱባና ጎመን ሲጨመሩ ደግሞ ልጅን ከዳፍንት ይጠብቃሉ። እንግዲህ ሽሮው የሳሳበት፥ ጎመኑም የጠፋበት ቤት እንጀራ ቢኖረውም የጠገበ ቤት አይባልም።

ሽሮ በቀላሉ የሚገኝ ነገር የሚመስለው ሰው ቢኖር አሠራሩን ይመልከት። ጥራጥሬው ተለቅሞ ይታጠባል፥ ይታመሳል፥ ይከካል፥ ገለባው በሰፌድ ይነፋል፤ ከነጭ ሽንኩርት፥ ከዝንጅብል፥ ከበሶብላ፥ ከኮረሪማና ከበርበሬ ጋር ደርቆ ይፈጫል። ነጭ ሽንኩርቱና በሶብላው ከጓሮ፥ ሽምብራው ከዋልካው ማሳ፥ እሳቱም ከኩበቱ ይመጣል። በአንዲት ድስት ውስጥ ማሳ፥ ጓሮና በረት ተገናኙ ማለት ነው። ከሦስቱ አንዱ ቢጐድል ጕድለቱ በድስቱ ይታወቃል።

የሽምብራ ነገር በተለይ የሹምን አሳብ ይፈልጋል። ሽምብራ የሚዘራው ከነሐሴ መጨረሻ ጀምሮ በመስከረም ነው፤ የሚያድገውም ዋልካው ባቈየው እርጥበት ስለ ሆነ ሌላ ዝናም ብዙ አይሻም። ገብስ ቀድሞ በተነሣበት ማሳ ላይ ሁለተኛ ሰብል ሆኖ ሊዘራ ይችላል። በሥሩም ከአየር የናይትሮጂን ምግብ ስቦ ስለሚያከማች ለሚመጣው ዓመት ጤፍ መሬቱን ያለሰልሳል። ኢትዮጵያ ከአፍሪካ ሀገሮች ሁሉ ሽምብራ በብዛት የምታመርት ሀገር ናት፤ ደምቢያም ለዚህ የተፈጠረ መሬት ነው። ነገር ግን በመስከረም ባላገሩ የዘር ሽምብራ ከሌለው፥ ወይም ጎታው ተሟጥጦ የዘሩን በልቶት እንደ ሆነ፥ ያ ዋልካ ባዶውን ያድራል፥ ካልሆነም ጓያ ይዘራበታል።

ጓያ ለችግረኛ የሚስማማ እህል ነው፤ ውኃ ቢተኛበትም፥ ድርቅ ቢመጣበትም ይበቅላል፥ ዋጋውም ርካሽ ነው። ነገር ግን በውስጡ የነርቭ መርዝ አለ። ከሌላ እህል ጋር ሳይቀላቀል ለሁለት ወርና ከዚያም በላይ ዋና ምግብ ሆኖ ከተበላ ሰውን እግሩን ያሰናክለዋል፤ ይህም ሕመም ከያዘ በኋላ የሚመልሰው መድኃኒት አልተገኘም። ይበልጥ የሚመታውም ወጣቱን ወንድ፥ ማለት አራሹን ነው። እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በ1990 የታተመ፥ በደምቢያና በፎገራ ቤት ለቤት የተደረገ ጥናት በአማካይ ከ1000 ሰው 6 ያህሉ በዚህ ሕመም የተያዘ መሆኑን ገልጧል። በዚያው አቈጣጠር በ1990ዎቹ ዓመታት በወሎ በደላንታ ድርቅ ሌላውን እህል ባጠፋ ጊዜ ሰው በጓያ ብቻ ለመኖር ስለ ተገደደ ይኸው ደዌ በብዙ ሰው ላይ ወርዷል።

ብዙ ሰው ሕመሙ ከጓያው እንፋሎት ወይም ከገለባው የሚመጣ ይመስለዋል፤ እውነቱ ግን ከመብላቱ ነው። የአበሳሰሉም ዓይነት ልዩነት ያመጣል። ጓያን ሌሊቱን ዘፍዝፎ ውኃውን መድፋት፥ ሲቀቀልም የመጀመሪያውን ውኃ መጣል መርዙን ይቀንሰዋል፤ ከጤፍ ወይም ከገብስ ጋር ቀላቅሎ መብላትም ጉዳቱን ያሳንሰዋል። እሸቱን በጥሬው፥ እንዲሁም ቆሎውንና ንፍሮውን አዘውትሮ መብላት ግን እጅግ የሚያሠጋ ነው። እንግዲህ ይህ የወጥ ቤት ትምህርት የሰውን እግር የሚያድን ሲሆን «የሴቶች ነገር ነው» ተብሎ ሊናቅ አይገባውም። በመስከረም አንድ ቍና የሽምብራ ዘር በጊዜው ያደረሰ ሹም፥ በሰኔ አንድ ጎልማሳ በምርኵዝ ከመሄድ ያዳነ መሆኑን ይወቅ።

ከዚህ በኋላ የጎታው ነገር ይመጣል። እህል ወደ ቤት ሲገባ በመጀመሪያ የሚለየው ዘር፥ ቀጥሎ የዓመት ቀለብ፥ በመጨረሻ የሚሸጠው መሆን ነበረበት። አሁን ግን በብዙ ቤት ሥርዓቱ ተገልብጦ፥ በመጀመሪያ የሚወጣው የሚሸጠው ሆኗል። ምክንያቱም የማዳበሪያ ዕዳ፥ የመሬት መጠቀሚያና የግብርና ገቢ ግብር፥ የልጆች ልብስና የበዓል ወጪ ሁሉ አውድማው ሳይጠረግ በአንድነት ስለሚመጡ ነው። ሁሉም ባላገር በአንድ ሳምንት ሲሸጥ ዋጋው ይወድቃል፤ ያው ባላገር በሐምሌ ለመሸመት ሲመለስ ዋጋው ከፍ ብሎ ይጠብቀዋል። ነጋዴ በዚህ ቢያተርፍ ነውር የለበትም፤ ጥፋቱ የመክፈያውን ቀን በእህሉ መርከሻ ቀን ላይ ያደረገው የአሠራር ልማድ ነው።

ሁለተኛው የጎታ ጠላት ነቀዝና ሻጋታ ነው። በቅጡ ሳይደርቅ የገባ እህል ይሻግታል፤ ሻጋታውም ጉበትን የሚጎዳ መርዝ ያፈራል። በርበሬንና የሽሮ እህልን በአፈር ላይ ማስጣት፥ በርበሬውም ክብደት እንዲጨምር ውኃ ማርከፍከፍ ለዚህ ደዌ በር መክፈት ነው። ሽምብራና ባቄላ ደግሞ በነቀዝ ቶሎ ይበሳሉ። ዛሬ አየር የማያስገባ ባለ ሦስት ድርብ ከረጢት በሀገራችን ይገኛል፤ በደንብ የደረቀ እህል በዚህ ተከቶ አፉ በጥብቅ ከታሰረ ነቀዙ አየር አጥቶ ይሞታል፥ መድኃኒት መንፋትም አያስፈልግም። ይህ ከረጢት በኅዳር ካልደረሰ ግን በመጋቢት ቢመጣ ጥቅሙ ጥቂት ነው።

ሦስተኛው ነገር የእጅ ማነስ ነው። በመጸው የሚሠራው ሥራ ዘርዝረን እንዳየነው ብዙ ሲሆን፥ የወባ ወራትም ይኸው ጊዜ ነው። ዝናም ካቆመ በኋላ ከመስከረም እስከ ኅዳር ድረስ በቆላማውና በሐይቁ ዳር ወባ ይነሣል። እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በ1953 በደምቢያ ሜዳ የወረደው የወባ ወረርሽኝ ብዙ ሕዝብ ጨርሷል፤ በ1947 ዓ.ም. የጎንደር የጤና ጥበቃ ኮሌጅ ሲመሠረትም ይህ መዓት ገና አልተረሳም ነበር። በ1958 እንደ አውሮጳ አቈጣጠር ደግሞ በደጋማው ሀገር ሳይቀር ተስፋፍቶ 3 ሚሊዮን ያህል ሰው አሳምሞ 150000 ያህሉን ገድሏል። አጫጅ በታመመበት ቤት ጤፉ ይረግፋል፤ እማወራዋ በታመመችበት ቤት ደግሞ አጫጁም፥ ልጁም፥ ጎታውም ጠባቂ ያጣሉ። ስለዚህ አጎበርና መድኃኒት ከአጨዳ በፊት መድረሱ ራሱ የእርሻ ሥራ ነው።

በዚህ ላይ እኛ ሹማምንት የምንጨምረው ሸክም አለ። ስብሰባ፥ ሥልጠና፥ ምዝገባ፥ መዋጮ፥ ይህ ሁሉ በኅዳር ሲደራረብ ባላገሩ ከነዶው ላይ ተነሥቶ አንድ ቀን ሙሉ በቀበሌ ጽሕፈት ቤት ደጅ ይውላል። በቀድሞው ዘመን በአሥራት ሥርዓት ገማቹ እስኪመጣ ድረስ እህሉ በአውድማ ላይ ይጠብቅ እንደ ነበር ሽማግሎች ያወሳሉ፤ ያም ሥርዓት በ1960 ዓ.ም. በወጣው የግብርና ገቢ ግብር ዐዋጅ ቀርቷል። ጭሰኝነትም በ1967 ዓ.ም. መሬት የሕዝብ እንዲሆን በታወጀ ጊዜ ተሽሯል። ነገር ግን በስብሰባ የሚጠፋው ቀን በገማች ከሚጠፋው ቀን የሚለየው በስሙ ብቻ እንዳይሆን መጠንቀቅ ይገባናል።

አሁን ደግሞ መሬታቸውን በእኩል ለሚያሳርሱ ባለ ይዞታዎች አንድ ቃል እንናገራለን። በአዘዞና በአካባቢዋ ብዙ ባለ ይዞታ በከተማ እየኖረ፥ አንዳንዷም ባልዋ የሞተባት ሆና፥ መሬቱን ለሌላ አራሽ ሰጥቶ ከአውድማው ድርሻውን ይወስዳል። ይህ የተፈቀደና ለሁለቱም የሚጠቅም ነው። ነገር ግን ውሉ የክረምቱን እህል ብቻ የሚናገር ሲሆን፥ አራሹ የመስከረሙን ሽምብራ ለመዝራት ይሰንፋል፤ የድካሙን ዋጋ ማን እንደሚወስድ አያውቅምና። ስለዚህ የሁለተኛው ሰብል ድርሻና የዘሩ አወጣጥ በውሉ ተለይቶ ቢጻፍ፥ ባለ ይዞታውም አራሹም ይጠቀማሉ፥ መሬቱም ባዶውን አያድርም።

የከተማ መስፋፋትም ጓሮን የሚነካ ሆኗል። አዘዞ ከባላገር ስፍራነት ወደ ከተማነት እየተለወጠች በመሄድዋ ለመንገድ፥ ለቤትና ለልዩ ልዩ ሥራ መሬት ይለካል። በ2011 ዓ.ም. የወጣው 1161 ቍጥር ዐዋጅ ለዘለቄታው ከገጠር መሬቱ የሚነሣው ባለ ይዞታ ከመነሣቱ በፊት ባሉት 3 ዓመታት ካገኘው ከፍተኛ የዓመት ገቢ 15 እጥፍ የሚሆን የመፈናቀያ ካሳ እንዲያገኝ ያዝዛል። ዐዋጁ መልካም ነው፤ ነገር ግን ገማቹ ገቢ ብሎ የሚቈጥረው በገበያ የተሸጠውን ጤፍ ብቻ ከሆነ፥ በቤት የተበላው ጎመን፥ ድንች፥ ዱባ፥ ነጭ ሽንኩርትና እሸት ሁሉ እንዳልነበረ ይሆናል። ያልተሸጠ ምግብም ገቢ ነው፤ ከቤት ባይገኝ ኖሮ ከገበያ ይገዛ ነበርና። በክልላችን የመሬት ይዞታ ደብተር የባልና የሚስት ስም በአንድነት ይጻፋል፤ ስለዚህ ግምት በሚደረግበት ቀን ስለ ጓሮው የምታውቀው ሚስቲቱ ቆማ ልትጠየቅ ይገባታል።

ምናልባት «ጓሮ እጅግ ጠባብ ነው፤ የሀገርን ምግብ የሚሸከመው ሰፊው ማሳ ነው» የሚል ይኖራል። እውነት ነው፤ ጓሮ የማሳን ቦታ ሊወስድ አይችልም። ነገር ግን ማሳው በዓመት አንድ ጊዜ ሲሰጥ፥ ጓሮው ማሳው በማይሰጥበት በመስከረም ይሰጣል። መንገድ በተዘጋበትና ገበያ በታጠፈበት ክፉ ጊዜ ደግሞ በደጅ ያለው ጎመን ከሩቅ ካለው ኩንታል ይልቅ ይታመናል። «ዕዳና ግብር በጊዜው ካልተሰበሰበ የመንግሥት ሥራ ይቆማል» የሚልም ይኖራል። እኛ ይቅር አላልንም፤ የምንለው ቀኑ ይሸጋሸግ ነው። በታኅሣሥ በግድ የሚሸጥ ባላገር በሐምሌ ረጂ የሚሻ ከሆነ፥ መንግሥት በአንድ እጁ የሰበሰበውን በሌላው እጁ ይመልሰዋል።

ደግሞም «ወጥ ቤት የመንግሥት ሥራ አይደለም» የሚል ቢኖር፥ መንግሥት ራሱ መልሶለታል። በሐምሌ 2007 ዓ.ም. በሰቈጣ ስም በተሰየመው የቃል ኪዳን መግለጫ የሕፃናትን መቀንጨር እንደ አውሮጳ አቈጣጠር እስከ 2030 ለማጥፋት ተስፋ ተሰጥቷል። ይህ ቃል ኪዳን በጽሕፈት ቤት ሊፈጸም አይችልም፤ የሚፈጸመው በድስትና በገበታ ነው። በዚህ ምክንያት ከዚህ በታች ያለውን እናሳስባለን።

1ኛ. ከኅዳር መባቻ እስከ ታኅሣሥ መጨረሻ ድረስ፥ ለሕይወት የሚያስፈልግ አስቸኳይ ነገር ካልመጣ በቀር፥ ባላገሩን ከአውድማ የሚያስነሣ ስብሰባና ሥልጠና አይደረግ።

2ኛ. የማዳበሪያ ዕዳና የግብሩ መክፈያ፥ ሕጉ በሚፈቅደው መጠን፥ በሁለትና በሦስት ጊዜ ተከፍሎ እንዲሰበሰብ ይደረግ፤ የመጀመሪያው ክፍያም ዘርና ቀለብ ከተለየ በኋላ ይሁን።

3ኛ. የሽምብራ ዘር ከነሐሴ አጋማሽ በፊት በየቀበሌው ይድረስ። ጓያ የሚዘራ ቤት ቢኖር እማወራዋም አባወራውም ስለ መዘፍዘፉና ስለ መቀላቀሉ በቃል ይማሩ።

4ኛ. የእርሻ ባለሙያው ወደ አንድ ቤት ሲሄድ ከአባወራው ጋር ብቻ ተነጋግሮ አይመለስ፤ ወደ ጓሮው ገብቶ ከእማወራዋ ጋር ስለ ጎመኑ፥ ስለ ነጭ ሽንኩርቱ፥ ስለ ዱባውና ስለ ጎታው ይነጋገር። ኩበቱ ሁሉ በምድጃ እንዳያልቅ፥ ጥቂቱ ከዐመድና ከጥራጊ ጋር በጕድጓድ ተከማችቶ የጓሮ ፍግ እንዲሆን ያስተምር።

5ኛ. ነቀዝ የማያስገባው ከረጢት በጥቅምት መጨረሻ በገበያ ይገኝ፤ አጎበርና የወባ መድኃኒትም በመስከረም ይድረስ።

6ኛ. ለከተማ ሥራ መሬት በሚለካበት ጊዜ የጓሮው ፍሬ በዓመት ገቢ ውስጥ ተቈጥሮ ይጻፍ፤ ሚስቲቱም ትጠየቅ።

ከእነዚህ ነገሮች አብዛኞቹ አዲስ ገንዘብ አይጠይቁም፤ የሚጠይቁት የቀን ማስተካከልና የዓይን ማቅናት ነው። ክቡራን ሹማምንት፥ በሚመጣው ጥቅምት ስለ ወረዳችሁ መከር መግለጫ ለመጻፍ ስትነሡ፥ በማሳው ዳር ካለፋችሁ በኋላ ከየቀበሌው ዐሥር ቤት መርጣችሁ በፈቃዳቸው ግቡ። «በጎታው የቀረው ስንት ቍና ነው? ትናንት ማታ ልጆቹ በምን በሉ? የመስከረሙ ዋልካ ምን ተዘራበት?» ብላችሁ ጠይቁ፤ መልሱንም ከኩንታሉ ቍጥር አጠገብ ጻፉት። ሁለቱ ቍጥሮች በአንድ ገጽ ሲታዩ፥ በወረዳው ምን መሠራት እንደሚገባው ሌላ አማካሪ ሳያስፈልጋችሁ ታውቁታላችሁ።